ከቦረና የመጣ ምስክር

ወንድሜ ሰውአገኝ ሁለት ጊዜ ተቀብሯል። መጀመሪያ በወጉ፣ በመንደራችን በሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከአባታችን ጎን። ቀጥሎ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ፈፋው አፋፍ ላይ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት። ይህን ስናገር ላሊበላ በምሠራበት ሆቴል ያሉት ልጆች «ተይ እንጂ ዓይናዲስ፣ በዚህ ዘመን?» ይሉኛል። አዎ፣ በዚህ ዘመን። ያውም ከሆቴሉ በረንዳ ሆነው በሚያዩት ተራራ ላይ።

መንደራችን ከአሸተን ማርያም በላይ ነው። እንግዳ በበቅሎ አሸተን ድረስ ይወጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወርዳል፤ እኛ ከዚያ ወዲያ ነን። ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን። ገብሳችን የበልግ ነው፤ በየካቲት ይዘንባል፣ ይዘራል፣ ክረምቱ ሳይከብድ ይታጨዳል። ማለቴ፣ በየካቲት ይዘንብ ነበር።

ሰውአገኝ የሞተው ለቤታችን ክዳን ጓሳ ሊያጭድ ወጥቶ ነው። ከገደሉ ሥር ወድቆ ተገኘ። ማጭዱ ግን ከላይ፣ ካሰረው ጓሳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጣጣው ሁሉ የመጣው በዚያ ማጭድ ነው። «የተንሸራተተ ሰው ማጭዱን በደንብ አስቀምጦ ነው እንዴ የሚንሸራተት?» ተባለ። ከጦርነቱ ወዲህ ዝምታ አብዝቶ ነበር፤ አልክድም። ግን ዝም ያለ ሁሉ ራሱን ገደል ይወረውራል? ከጦርነቱ በኋላ ዝም ያላለ ማን አለና! እኔ የማውቀው ሰውአገኝ ውሃ ሊጠጣም፣ ላቡን ሊጠርግም ማጭዱን የሚያስቀምጥ ሰው እንደነበረ ነው። እናቴ ወይዘሮ አሰለችም የምታውቀው ይህንኑ ነው።

የሩፋኤል አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ሰንበት ሐሜቱን አልሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ፍትሐቱን አደረሱ፣ ቀበሩት፣ እናቴን አጽናኑ። ደግ ሰው ናቸው። ችግራቸው፣ ደግነታቸው ለሁሉም ሰው እኩል በመሆኑ ማንንም መቆጣት አይችሉም።

ከዚያ በልጉ ቀረ። መጋቢትን ጠበቅን፣ ሚያዝያን ጠበቅን፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ደርቆ ቀረ። ምህላ ተያዘ። ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ «እግዚኦ» እያለ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረ። ሰማዩ እንደ ጠራ ከረመ፣ ከብቱ መውደቅ ጀመረ። ምህላው አልሰምር ሲል ሰው ወደ ጎረቤቱ ማየት ይጀምራል። በእኛ አገር ራሱን ያጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከተቀበረ ዝናብ ይይዛል ይባላል። ይህን የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም።

ከምህላው በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ እንደተቀመጡ አረጋ ተነሣ። ድሮ አያ አረጋ ነበር የምላቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንቱታውን ነጥቄዋለሁ። ሁለቱም በሬዎቹ ሞተውበት ነበር።

«ዝናቡን የያዘው እዚሁ አጥር ውስጥ ነው» አለ። ስም አልጠራም። መጥራትም አላስፈለገው፤ ሰዉ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ።

«ልጄ አዳልጦት ነው የወደቀ» አለች እናቴ።

ቄስ ወልደ ሰንበት «ኧረ ተዉ፣ ይኼ በመጽሐፍም የለ» ብለው ነበር አሉ፤ ግን ከአጠገባቸው ካለው ሰው በቀር የሰማቸው የለም። እናቴ የጎረቤቶቿን ልጆች አየች። የልጆቹ ፊት ገርጥቷል። እሷ ራሷም ደግሞ ነገሩን ታምንበታለች፤ እናቷም የእናቷ እናትም ሲያምኑበት ያደገች ሴት ናት።

«የሰው ልጅ በኔ ልጅ ምክንያት አይራብ» አለች። «አውጡት።»

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አረጋና ጎረምሶቹ ቆፈሩ። ተሸክመው ወደ ፈፋው ሲወስዱት ከኋላ ተከትላ ሄደች፤ አልጮኸችም፣ ደረት አልመታችም። ከአጥር ውጭ በሚደረግ ቀብር ለቅሶ አይፈቀድም።

ብዙም ሳይቆይ ካፊያ ጣለ። ካፊያ ነው፣ አቧራውን እንኳ በወጉ አላበረደም። ሰዉ ግን «አያችሁ!» አለ። ከሁሉም አብልጣ ያመነችው እናቴ ነበረች። ያ ካፊያ ባይመጣ ኖሮ አንድ ቀን ትጠራጠር ነበር እላለሁ። ያንን ካፊያ ይቅር አልለውም።

እኔ የሰማሁት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ አረጋን ላሊበላ ገበያ መሐል አግኝቼ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ የማይባል ነገር ተናገርኩት። የሚሸጠውን በግ ገመድ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። እናቴን ግን ምን ልበላት? መንደሩ አልጠላትም፤ ያከብራት ጀመር። «ለአገር ስትል ልጇን የሰጠች» ይሏት ነበር። እሷ ደግሞ በማኅበሩም በሰንበቴውም ከሰው ሁሉ ኋላ፣ በር ሥር መቀመጥ ጀመረች።

የአብስራ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ሆቴላችን ያረፈው በዚያ መካከል ነው። ስለ በልግ ዝናብ መቅረት ዘጋቢ ፊልም እሠራለሁ አለኝ። የእኔን አገር ሲሰማ «ውሰጂኝ» ብሎ ያዘኝ። ለተራራ የማይሆን ነጭ ጫማ አድርጎ ነበር፤ አሸተን ሳንደርስ ቡናማ ሆነ። እኔም ስቄበታለሁ፤ እሱም አልተቀየመኝም።

እናቴን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ቀረጻት። ስለ ገብሱ ስትጠየቅ እንደ ድሮዋ ሆነች። ድሮ የትኛው ገብስ የት ማሳ ላይ ይዘራ እንደነበር፣ አሁን የትኛው ዘሩ እንደጠፋ፣ ውርጩ ያለ ወሩ እንደሚመጣ፣ ምንጩ እስከየት እንደሸሸ ነገረችው። ከሰውአገኝ ሞት ወዲህ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። በመጨረሻ፣

«እማማ፣ ዝናቡ ለምን የቀረ ይመስልዎታል?» አላት።

እጆቿን አየች። «ኸኔ ቤት የተነሣ ነው የቀረ» አለች።

ደግሞ ሊጠይቃት ሲል በጎቿን ላስገባ ብላ ተነሣች። የአብስራ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ማለታቸው ነው?» አለኝ። «እርጅና ነው» አልኩት። እንዲያ ያለውን ነገር ካሜራ ለያዘ ሰው ከየት ጀምሬ ልንገረው?

ሲሄድ «ስጨርስ መጥቼ አሳያችኋለሁ» አለ። እንዲህ ብሎ የሄደ ሰው ብዙ አይተናል። ስንት ፎቶ ከዚህ ተራራ ወርዷል፤ ተመልሶ የወጣ ግን የለም። እሱ ግን በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ መጣ። ጄኔሬተር በበቅሎ አስጭኖ፣ በዚህ ጊዜ ደህና ጫማ አድርጎ።

ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር አንዱን ክፍል አስከፈትን። መስኮቱን በብርድ ልብስና በጋቢ ጋረድን፤ በቀን ብርሃን ጨለማ ሠራን። መንደሩ ሁሉ ግጥም ብሎ መጣ፤ ሰው ራሱን ግድግዳ ላይ የሚያይበት ቀን በየዓመቱ አይገኝም። እናቴ እንደ ልማዷ በር ሥር ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። አረጋ ግድግዳውን ሞልቶ፣ ጆሮውን እያከከ ስለ በሬዎቹ ሲያወራ ልጆቹ ተንጫጩ። «አያ አረጋ፣ ግድግዳ ላይ እንኳ ትጮሃለህ እኮ!» አለው አንዱ። እሱም ደስ ብሎት ጢሙን አሻሸ። ከዚያ እናቴ መጣች። እጆቿን አየች። «ኸኔ ቤት የተነሣ ነው የቀረ።»

አንዳንዱ ወደ በሩ ዞሮ አያት። ሰዉ የሰማው የሚያውቀውን ነው።

ወዲያው ግድግዳው ላይ ሌላ አገር መጣ። ሜዳ፣ ቀይ አፈር፤ እስከ ዓይን ማየት ድረስ የወደቀ ከብት። ሰዉ «ወየው» አለ። አንዲት ሴት በኦሮምኛ ትናገራለች፤ ከሥሯ በአማርኛ ተጽፏል። እናቴ ፊደል ስለማትለይ በጆሮዋ አነበብኩላት፤ «‹ምን በደልን ብለን ተሰበሰብን፤ የበደለውን ሰው ፈልገን አጣን› ነው የምትለው።»

«ይቺ ሴት የት ናት?» አለችኝ።

«ቦረና።»

«ኸወሎው ቦረና?»

«አይ እማ፣ ሌላኛው ቦረና። ኬንያ ጠረፍ።»

ከዚያ አንድ ምሁር ካርታ ይዞ መጣ። ዝናብ ከባሕር እንደሚነሣ፣ ፋብሪካውና መኪናው በሌላው ዓለም ለብዙ ዘመን የለቀቀው ጭስ ሰማዩን ሸፍኖ ሙቀት እንዳፈነ፣ ባሕሩ ሲሞቅ ዝናቡ መንገዱን እንደሚስት አስረዳ። «ሲቀር ይቀራል» አለ፣ «ሲመጣ ደግሞ የከረመውን ባንድ ጊዜ ያወርደዋል።» ካርታው ላይ የደረቀው አገር ቀይ ነበር። ላስታ ቀይ፣ ቦረና ቀይ፣ ከቦረና ወዲያም የማላውቀው አገር ሁሉ ቀይ። እናቴ ካርታ አይታ አታውቅም፤ ግን ቀይ ቀይ ነው።

ፊልሙ አለቀ፣ ጋቢው ከመስኮቱ ወረደ። የአብስራ «ጥያቄ ያለው?» አለ። አንዱ እርዳታ ይመጣ እንደሆን ጠየቀ። ሌላው በቀረጻው ጊዜ አብሮት የቆመው በጉ ለምን እንዳልታየ ጠየቀ። ከዚያ እናቴ ከበር ሥር ተነሣች።

«ልጄ፣ ያ ቦረና ያልከው ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው እማማ። በመኪናም ቀናት ይፈጃል።»

«የቀረባቸው ያኛው በልግ ነው? እኛ የቀረብን?»

«ያኛው ነው፤ ያው አንዱ ዓመት።»

«ታዲያ ልጄ» አለች፤ «የኔ ሰውአገኝ እዚያ ድረስ ሄዶ ነው ዝናብ የያዘባቸው?»

የአብስራ አልገባውም። ፈገግ እንደማለት ብሎ ወደ እኔ አየ፤ ፊቴን ሲያይ ፈገግታውን ተወው። ቄስ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ጨብጠው መሬት መሬት ያያሉ። አረጋ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሳበ።

ይህን ቀን ስመኘው ነበር። እናቴ አንድ ቀን እውነቱን ታውቃለች፣ እፎይ ትላለች እል ነበር። ሞኝነቴ! ቤት ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«በከንቱ ነው» አለችኝ። «በከንቱ ነው ያወጣሁት፣ ዓይናዲስ። ሌላው ሲያወጣው ቆሜ ባይ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹አውጡት› ያልኩ። በገዛ አፌ።»

ልጇ ንጹሕ መሆኑን የነገራት ፊልም የእሷን ነገርም አብሮ ነገራት። ያን ዕለት ያለቀሰችውን ለቅሶ በሁለቱም ቀብር አላለቀሰችውም።

በማግስቱ ግን ተነሥታ ቄስ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄደች። «አባ፣ ልጄን ይመልሱልኝ» አለቻቸው። «አባቱ ጎን ይግባ። ሌላ ምንም አልለምንዎ።» ቄሱ ሰዉን ሰበሰቡ። ክርክር ይነሣል ብዬ ምላሴን ስዬ ነበር የጠበቅሁት። አረጋ ከሁሉም ቀድሞ ተነሣ።

«እኔ ነኝ ቆፍሬ ያወጣሁት፤ እኔው ተሸክሜ እመልሰዋለሁ» አለ። ተቃወመ የሚባል ሰው አልነበረም።

ግን ክረምት ነው። ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ የክረምቱ ባቄላ አረምም አጣድፏል። «ኸሩፋኤል ንግሥ ወዲያ፣ መስከረም ሲጠባ፣ መሬቱ ጠንከር ሲል» ተባለ። ክፋት አልነበረበትም። ለሁሉም ሰው ትክክል መሰለው፤ ለእኔም ጭምር። እናቴ ብቻ ናት «መሬቱ አይጠብቅም» ያለች።

«ያ ልጅ ያሳየን ምን ነበር?» ትላቸው ነበር ያገኘችውን ሁሉ። «ሲመጣ ባንድ ጊዜ ነው የሚመጣ አላለም? ሰማችሁ ሁላችሁ!» ሰምተዋል። ግን ሰዉ ከፊልሙ የያዘው የአረጋን ጆሮና የቦረናን ከብት ነበር። ያንን አንድ ቃል የያዘችው ፊደል የማትለየው እናቴ ናት። በየቀኑ ወደ ፈፋው እየወረደች ከመቃብሩ ሥር ድንጋይ ትክብ ጀመር። እርከን መሥራት ከድሮም ታውቅበታለች። እጇ ተላልጦ ሲያዩዋት «እባክሽ፣ ትንሽ ቀን ነው የቀረው» ይሏታል። እኔ ከላሊበላ አፅሙ የሚገነዝበት አዲስ ሰሌን ገዝቼ ወሰድኩላት፤ እሱን ጠቅልላ ከበሩ ኋላ አቆመችው።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል ሲነግሥ እኔም ፈቃድ ወስጄ ወጣሁ። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር ሰማዩ ጠቆረ። ሰዉ ደስ አለው፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው፣ የሚሸሸው የለም። ልጆቹ ልብሳቸውን ጥለው «ሩፋኤል አሳድገኝ፣ ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘላሉ፣ ሴቶቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይረጥባሉ። ከዚያ ዝናቡ በዛ። ከዚያ በረዶ ተቀላቀለበት፤ ልጆቹ እያለቀሱ ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጡ። እንዲያ ያለ ውሃ ሽማግሌዎቹም አላዩም። ከሁሉም ጩኸት በላይ የፈፋው ድምፅ መጣ።

እናቴን ዞር ብዬ ባይ የለችም።

ስደርስባት አፋፉ ላይ ቆማለች። የካበችው እርከን የለም። መቃብሩ የነበረበት ቦታ የለም። አፋፉ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ልትገባ ስትል ወገቧን ጨበጥኩ። ቀላል ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን መያዝ አቃተኝ፣ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

ውሃው ትንሽ ሲጎድል አረጋ ወገቡን በጠፍር ታስሮ ወረደ። «ተው፣ ትሞታለህ» እየተባለ። ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ፈለገ፣ ድንጋዩን ሁሉ አገላበጠ። ሲመለስ እስከ ፀጉሩ ጭቃ ነበር፣ እጁም ባዶ። እናቴ እግር ሥር ተደፋ።

«ተነሥ በሞቴ» አለችው፣ ነጠላዋን ታለብሰው ጀመር። «ተነሥ፤ ብርዱ ይገድልሃል።»

ያን ጊዜ ነው አንቱታቸውን የመለስኩላቸው።

የአብስራ ስልክ ይደውልልኛል። ፊልሙ አዲስ አበባ ላይ ታይቶ ሰው እንዳለቀሰ ነገረኝ፤ ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲህ የእናቴን ጥያቄ ሲያስብ እንደሚያድር፣ እንደገና መምጣት እንደሚፈልግም ነገረኝ። የመቃብሩን ነገር ስነግረው «እማማ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

አንድ ቀን፣ ጥቅምት ላይ፣ ከእናቴ ጋር ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ጠየቀችኝ።

«ይኼ ፈፋ መግቢያው የት ነው?»

«ተከዜ ነው።»

«ተከዜስ?»

«ዓባይ ይገባል ይላሉ፤ ከብዙ አገር በኋላ።»

«ዓባይስ?»

«ባሕር።»

አሰበች። «ያ ልጅ ያሳየን ሰውዬ፣ ዝናብ ኸባሕር ነው የሚነሣ አላለም?»

«ብሏል እማ።»

ሌላ አልጠየቀችም። የበልጋችን ዝናብ የሚነሣበት ባሕርና ዓባይ የሚደርስበት ባሕር ለየቅል መሆናቸውን የአብስራ አስረድቶኛል። አልነገርኳትም። ከዚያ ፊልም የተማረችው ይበቃታል፤ ይህ እንኳ ይቅርባት።

አሁን የካቲት አልቋል። ሰዉ ማሳውን አርሶ፣ ዘሩን ቤቱ አስቀምጦ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሰሌኑ አሁንም ከበሩ ኋላ እንደተጠቀለለ ቆሟል፤ ላንሳው ብላት እጄን መታችኝ። በየማለዳው እህል ሳትቀምስ ትወጣና አጥሩ ጥግ ትቆማለች፤ ደመና ስታይ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት። ደመናው አልፎ ሲሄድ ጎረቤቶቿ በልግ ቀረ እያሉ ያማርራሉ። እሷ አብራቸው አታማርርም። ትናንት ከኋላዋ መጥቼ ቆሜ ነበር፤ አላየችኝም።

«ምን አስቆየህ ልጄ?» ትላለች ለሰማዩ። «አስቀይሜህ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ና።»